ኢንዶርስመንት ምንድን ነው? መቼ ይሠራል፣ መቼስ ይከሽፋል?

ጅማ ሄርማታ ገበያ ላይ ቡና በዱቤ ልውሰድ ያለ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ያውቅሃል?» ተብሎ ነው። ስም ያለው ነጋዴ «እኔ አውቀዋለሁ» ካለለት ነገሩ አለቀ። በአሜሪካ ፖለቲካ ኢንዶርስመንት የሚባለው ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ የታወቀ ሰው፣ የሠራተኛ ማኅበር ወይም ጋዜጣ ለአንድ ዕጩ በአደባባይ የሚሰጠው ምስክርነት ነው።

ከድጋፍ ፊርማ ጋር ግን አይምታታ። የድጋፍ ፊርማ የግል ዕጩ ለመመዝገብ ብሎ ከነዋሪው የሚያሰባስበው ነው፤ ቁጥሩ ካልሞላ ምዝገባው ይቀራል። ኢንዶርስመንት ሕጋዊ ውጤት የለውም፤ በራሱ አንድ ድምፅ እንኳ አይጨምርም።

ዋናው ቦታው ፕራይመሪ ነው፤ የአንድ ፓርቲ ሰዎች እርስ በርስ የሚወዳደሩበት ዙር። እኛ ዘንድ የድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የፓርቲው ምልክት አለ፤ ምልክቱን ያየ መራጭ ብዙውን ነገር አወቀ ማለት ነው። ፕራይመሪ ላይ ሁሉም የአንድ ፓርቲ ልጆች ስለሆኑ ምልክት አይለያቸውም። ስለዚህ መራጩ የሚያምነው ሰው የማንን ስም እንደጠራ ያያል። እኛ ዘንድ ፓርቲው ራሱ ዕጩውን መርጦ ስለሚያቀርብ እንዲህ ያለ ዙር የለም። «ከላይ የወረደ ዕጩ» የሚለው ቅሬታም ከዚሁ ይመነጫል። አሜሪካኖቹም ቅሬታው አላቸው፤ ልዩነቱ ፕራይመሪው ቅሬታቸውን በድምፅ የሚያወጡበት በር መሆኑ ነው።

ኢንዶርስመንት ሲሠራም ሲከሽፍም በአንድ ሰው ማየት ይቻላል፦ የደቡብ ካሮላይናው የምክር ቤት አባል ጂም ክላይበርን (ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ2020 የዴሞክራቶች የፕሬዚዳንት ዕጩ ፕራይመሪ ላይ ጆ ባይደን በአዮዋ ግዛት አራተኛ፣ በኒው ሃምፕሸር አምስተኛ ወጥተው ተዳክመው ነበር። ክላይበርን ፌብሩዋሪ 26 ድጋፋቸውን ሰጡ፤ ባይደን በሦስተኛው ቀን ደቡብ ካሮላይናን በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። ተቀናቃኞቻቸው ቡቲጅጅና ክሎብሻርም ከውድድሩ ወጥተው ማርች 2 ከባይደን ጎን ቆሙ። በማግሥቱ 14 ግዛቶች ድምፅ ሲሰጡ 10ሩ የባይደን ሆኑ። እዚህ ላይ ከምስክርነቱ እኩል የሠራው ተቀናቃኞቹ ቦታውን መልቀቃቸው ነው፤ ዜናው ግን ይህን ብዙ ጊዜ ይዘለዋል።

በ2025 የኒውዮርክ ከንቲባ የዴሞክራቶች ፕራይመሪ ላይ ያው ክላይበርን አንድሩ ኩሞን ደገፉ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተንና የቀድሞው የከተማዋ ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግም ነበሩበት። ጁን 24 ኩሞ ካምፓላ በተወለደው የ33 ዓመቱ ዞህራን ማምዳኒ ተሸነፉ። ለምን? አንደኛ፣ ኩሞ የኒውዮርክ ግዛት የቀድሞ አገረ ገዥ ናቸው፤ መራጩ ጠንቅቆ ያውቃቸዋል፤ የሚታወቅን ሰው ደግሞ ምስክር አይለውጠውም። ሌላውና የከፋው፣ በቤት ኪራይና በኑሮ ውድነት የተማረረ መራጭ ጣቱን የሚቀስረው በፓርቲው ነባሮች ላይ ነው። ነባሮቹ ሲሰለፉ ዕጩው ከእነሱ ጋር ተደመረ። ክላይበርን ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ የማንም ጎረቤት አይደሉም።

በዚያው ምርጫ የሠራው ድጋፍ ሌላ ነው። መራጩ እስከ 5 ዕጩዎች በደረጃ መጻፍ ስለሚችል ማምዳኒና ተቀናቃኙ ብራድ ላንደር ደጋፊዎቻቸውን «እኔን አንደኛ፣ እሱን ሁለተኛ» አሏቸው። ይህ ውዳሴ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚጻፍ የሚናገር መመሪያ ነው።

«እከሌ ደገፈው» የሚል ዜና ሲሰማ ታዲያ መጠየቅ ያለበት ደጋፊው ከስሙ ሌላ ምን ይዞ እንደመጣ ነው፤ ገንዘብ፣ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው፣ ወይስ ከውድድር የሚወጣ ተቀናቃኝ? ጊዜውም ይታይ፦ ዕጩው በመሪነት ላይ ሳለ የሚመጣ ድጋፍ ብዙውን ጊዜ ደጋፊው ነገ ከሚሾመው ሰው ጋር ለመታየት የሚያደርገው ነው። መቶ ስም የተደረደረበት ዝርዝር ከሆነ ደግሞ የምርጫ ክልሉ ነዋሪ የሆኑት ስንቱ እንደሆኑ መቁጠር ይሻላል።