ለትንሽ ጀልባ ምን ዓይነት ምድጃ፣ ምን ዓይነት ነዳጅ?

ለጀልባው ምድጃ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ስንት ድስት እንደሚይዝና ስንት እንደሚያስወጣው ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ። ነዳጁ ቢያፈስ ወዴት ይሄዳል? ቤት ውስጥ ያፈተለከ ጋዝ በበር ሥርም በመስኮትም መውጫ አያጣም። ጀልባ ግን ውሃ እንዳያስገባ ተብሎ የተሠራ ጎድጓዳ ዕቃ ነው። ከታች ውሃ የማያስገባ ነገር ደግሞ ከታች ጋዝም አያስወጣም።

ለዚህ ነው ስለ ጀልባ ምድጃ ሲወራ ቡታጋዝ፣ ማለትም በሲሊንደር የሚሸጠው ፕሮፔን ወይም ቡቴን፣ ሁልጊዜ የሚያከራክረው። በምቾት የሚስተካከለው የለም። ከፈት፣ ለኮስ፣ አለቀ። 1 ኪሎ ፕሮፔን 46 ሜጋ ጁል ገደማ ሙቀት ይሰጣል። ችግሩ ክብደቱ ነው። የፕሮፔን ጋዝ ከአየር 1.5 እጥፍ፣ የቡቴን ደግሞ 2 እጥፍ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ካፈተለከ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርድና ከወለሉ ሥር ይተኛል። በአየሩ ውስጥ ያለው መጠን 2 በመቶ አካባቢ ከደረሰ የአንድ ፓምፕ ማብሪያ ብልጭታ ይበቃዋል። ጋዙ እንዲታወቅ ሽታ ይጨመርበታል፤ ከወለል ሥር የተኛ ሽታ ግን ቆሞ ለሚሄድ ሰው አፍንጫ ላይደርስ ይችላል።

መፍትሔው ሲሊንደሩን ለብቻው ማኖር ነው። የሚቀመጥበት ሳጥን ከላይ የሚከፈት፣ ወደ ጀልባው ውስጥ ምንም ቀዳዳ የሌለው መሆን አለበት። ከሥሩ ደግሞ ያፈሰሰውን ጋዝ ወደ ውጭ የሚያወርድ ቱቦ ይኖረዋል፤ የቱቦው አፍ ከውሃው ወለል በላይ ነው። አይኤስኦ 10239 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት የሚመለከተው ይህንኑ የትንንሽ ጀልባዎች የጋዝ ዝርጋታ ነው። ምድጃው ራሱ እሳቱ በንፋስ ሲጠፋ ጋዙን የሚዘጋ መሣሪያ ከሌለው፣ በእኔ አስተያየት በነፃ ቢሰጥም አይወሰድ።

ሲሊንደሩ አጠገብ የግፊት መለኪያ ካለ ፍተሻው የሻይ ማፍያ ጊዜ እንኳ አይወስድም። የምድጃው ማብሪያዎች በሙሉ ይዘጋሉ። ሲሊንደሩ ይከፈታል፤ መርፌው ይነሣል። ከዚያ ሲሊንደሩ ተመልሶ ይዘጋና ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። መርፌው ካልተነቃነቀ ደህና ነው። ከወረደ አንድ ቦታ እያፈሰሰ ነው፤ የሳሙና ውሃ መገጣጠሚያዎቹ ላይ እየቀቡ አረፋ የሚነፋውን መፈለግ ነው። ክብሪት ጭሮ መፈለግ የሚባል ነገር የለም።

በብርድ አገር ለሚጓዝ አንድ ነገር ይጨመር። ቡቴን 0 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከፈሳሽነት ወደ ጋዝነት መቀየር ያቅተዋል። ፕሮፔን እስከ -42 ይሠራል። በትንሽ ቆርቆሮ ቡቴን የሚሠራው ተንቀሳቃሽ ምድጃ ርካሽ ነው፣ ብዙ ሰውም ይወደዋል። ቆርቆሮው ግን የሚቀመጥበት ሳጥን ስለሌለው ጀልባው ውስጥ ያድራል፤ እሱ ነው የማይመቸኝ። ክፍት ቦታ ላይ አብስሎ፣ ቆርቆሮውን ነቅሎ እዚያው ውጭ ማስቀመጥ ይሻላል።

አልኮል የተለየ ጠባይ አለው። 1 ኪሎ ኤታኖል 27 ሜጋ ጁል ገደማ ነው የሚሰጠው። ውሃ እስኪፈላ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ነዳጁም ቶሎ ያልቃል። ግን ምድጃው ቀላል ነው። ያለ ግፊት በሚሠራው ዓይነት ውስጥ አልኮሉን እንደ ስፖንጅ መጥጦ የሚይዝ ነገር አለ፤ ፓምፕ የለው፣ ቧንቧ የለው። አደጋው ሲሞላ ነው። ነበልባሉ በፀሐይ ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል፤ ጠፍቷል ብሎ በትኩሱ የሚሞላ ሰው እጁን ያቃጥላል። አልኮል ከውሃ ጋር ስለሚቀላቀል እሳቱ በውሃ ይጠፋል ይባላል። እውነት ነው፤ ግን በብዙ ውሃ ነው። ጥቂት ጠብ ከተደረገበት እየነደደ ይንሳፈፍና ይስፋፋል።

ነጭ ጋዝ፣ ማለትም ኬሮሲን፣ የድሮ መርከበኞች ወዳጅ ነው። በግፊት የሚሠራውን ፕሪመስ የተባለ ምድጃ ስዊድናዊው ፍራንስ ሊንድክቪስት በ1892 ሠራው፤ አሠራሩ እስከ ዛሬ ያው ነው። ግፊቱ ነዳጁን ወደ ጋለው ራስ ይገፋዋል፣ እዚያ ይተንናል፣ ሰማያዊ ሆኖ ይነድዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ራሱ መጋል አለበት። ከሥሩ ባለችው ትንሽ ጽዋ አልኮል ይፈስና ይለኮሳል። አልኮሉ ሊያልቅ ሲል ነው ፓምፕ የሚደረገው። የቸኮለ ሰው ያኔ ይቀጣል፤ ያልተነነ ነዳጅ ይወጣና ትልቅ ቢጫ ነበልባል ጣሪያውን በጥላሸት ይቀባዋል። ጥቅሙ ደግሞ ቢያፈስ እንኳ መሽተቱ እንጂ እንደ ጋዝ ጀልባውን ይዞ አለመነሣቱ ነው። በ1 ኪሎ የሚሰጠው ሙቀትም 43 ሜጋ ጁል ገደማ ነው።

የናፍጣ ምድጃ ከሞተሩ ነዳጅ ይጋራል፣ ካቢኑንም ያሞቃል። ለብርድ አገር ግሩም ነው፤ ለሙቅ አገር ግን ቅጣት ነው። ቤንዚን ካቢን ውስጥ ጨርሶ አይታሰብም።

ኤሌክትሪክስ? ሒሳቡ ከሚፈራው ያነሰ ነው። 1 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ እስኪፈላ 93 ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ብክነት ሲጨመር ከ12 ቮልት ባትሪ 10 አምፔር ሰዓት አካባቢ ማለት ነው። ከባዱ የአንድ ጊዜ ጫናው ነው። 1800 ዋት ኢንዳክሽን፣ ማለትም ድስቱን በመግነጢስ የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ከ12 ቮልት 150 አምፔር ይስባል፤ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው የኢንቨርተሩ ብክነት ሳይቆጠር። ወፍራም ሽቦ፣ ትክክለኛ ፊውዝ፣ ጥሩ የሊቲየም ባትሪ ይጠይቃል። ሶላሩ ደህና ከሆነ፣ ሰማዩም ካልጨፈገገ፣ ከሁሉም ንጹሑ እሱ ነው።

የሚነድድ ነገር ሁሉ አየር ይበላል። 1 ኪሎ ፕሮፔን ሲነድድ 1.6 ኪሎ ያህል ውሃ በእንፋሎት ይወጣል፤ ጠዋት ግድግዳው የሚያልበው አንድም ለዚህ ነው። የባሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይሸትም፣ አይታይም። መስኮት ከፈት ይደረግ፣ ማንቂያ ይገጠም፣ ምድጃውን እንደ ማሞቂያ ለኩሶ መተኛት ይቅር።

ለቀን ሽርሽር እኔ ያለ ግፊት የሚሠራውን የአልኮል ምድጃ እመርጣለሁ። ለወራት ጀልባ ላይ ለሚኖር፣ በደንብ የተዘረጋ ቡታጋዝ። ምርጫው የትኛውም ይሁን፣ ጀልባው ሲያጋድል አብሮ የሚወዛወዝና ድስት የሚይዝ ዘንግ ያለው ምድጃ ይሻላል፤ የጋዝ ከሆነ ቱቦው አብሮ መተጣጠፍ አለበት። የእሳት ማፈኛ ብርድ ልብሱ ደግሞ ከምድጃው በላይ አይሰቀል። እሳት ተሻግሮ እጁን የሚዘረጋ የለም፤ መውጫው አጠገብ ይሁን።