ልቡ በአንድ ቀን አልተለወጠም

የተወደዳችሁ በጌታ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ ስለ አሜሪካው ፕሬዚዳንት ስለ አብርሃም ሊንከን ትንሽ ላካፍላችሁ። ሰውየው የአንድም ቤተ ክርስቲያን አባል ሆኖ አያውቅም፤ ቅዱስ ላደርገው አልተነሣሁም። የሚገርመኝ እግዚአብሔር ልቡን የሠራበት መንገድ ነው።

ባርነትን ድሮም ይጠላል። ግን እ.ኤ.አ. በ1861 ሥልጣን ሲይዝ፣ ባርነት ባለባቸው ግዛቶች ጣልቃ የመግባት ሐሳብ የለኝም ብሎ በአደባባይ ተናገረ። በኦገስት 1862 ደግሞ ጥቁር አሜሪካውያንን ወደ ዋይት ሐውስ ጠርቶ፣ አገር ለቅቃችሁ መካከለኛው አሜሪካ ብትሰፍሩ ይሻላል አላቸው። ምድሪቱን በላባቸው ላቀኑ ሰዎች! የሚገርመው፣ ይህን ሲል ባሪያዎችን ነጻ የሚያወጣውን አዋጅ ረቂቅ ለሚኒስትሮቹ ካነበበ ሳምንታት አልፈው ነበር። ሁለቱም አንድ ልብ ውስጥ ነበሩ።

እኛ መለወጥ ሲባል ትዝ የሚለን የደማስቆ መንገድ ብቻ ነው። ጴጥሮስን ግን እዩት። ኢዮጴ ላይ ራእዩ ሦስት ጊዜ ተደገመለት። ቆርኔሌዎስ ቤት ገብቶ እግዚአብሔር ለሰው ፊት እንደማያዳላ መሰከረ (ሐዋ. 10፥34)። በኋላ ግን አንጾኪያ ላይ ሰው ፈርቶ ከአሕዛብ ጋር መብላቱን ተወ። ጳውሎስም ፊት ለፊት ተቃወመው (ገላ. 2፥11)። ሐዋርያው እንኳ የሚገሥጸው ወንድም አስፈልጎታል።

ሊንከን እንዲህ ያሉ ሰዎችን ራሱ ነው ያስጠጋቸው። በ1860 ለፓርቲው እጩነት የተፎካከሩትን ሲዋርድን፣ ቼዝንና ቤትስን ካቢኔው ውስጥ አስገባ። ስታንተን የሚባለው ጠበቃማ፣ በ1855 ሲንሲናቲ ላይ በአንድ የፍርድ ጉዳይ ተገናኝተው በግልጽ ንቆት ነበር። በ1862 የጦር ሚኒስትር አደረገው። ይሄ ደግነት ብቻ አይመስለኝም፤ ሥራው ማንን እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር። ያኔ የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ እርስ በርስ ይዋጉ ነበር፤ አዋጁን ሊያወጣ ሲል፣ መጀመሪያ በጦርነቱ ድል እናግኝ ብሎ የመከረው ሲዋርድ ነው። ሰማው። ሲጠብቅ የነበረውን ድል ካየበት ከአንቲተም ውጊያ በኋላ፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን፣ ሚኒስትሮቹን ሰብስቦ ለፈጣሪዬ የገባሁት ቃል አለብኝ አላቸው። ይህን በማስታወሻው ጽፎ ያቆየልን ማን መሰላችሁ? ቼዝ ነው፤ ወንበሩን ሲመኝ የኖረው ቼዝ። በ1864ም ቦታውን ሊወስድ ሞክሯል። ሊንከን በዚያው ዓመት መጨረሻ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ አድርጎ ሾመው።

በማርች 1865፣ ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል፣ ሁለተኛውን ቃለ መሐላ ፈጸመ። ስለ ሁለቱ ወገኖች ሲናገር፣ ሁለቱም አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ያነብባሉ፣ ወደ አንድ አምላክም ይጸልያሉ አለ። «እንዳይፈረድባችሁ አትፍረዱ» የሚለውንም አነሣ። የባርነትን ኃጢአት በደቡብ ላይ ብቻ አልጣለም፤ ጦርነቱ ለሰሜንም ለደቡብም የመጣ ፍርድ ሊሆን ይችላል አለ። ድል ደጁ ላይ የቆመ መሪ እንዲህ ሲናገር ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? እኛም አገር እኮ መስቀል እየተሳለሙ ባሪያ የነበራቸው ሰዎች ነበሩ፤ ሕጉ ባርነትን የሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 በወጣ አዋጅ ነው።

ኤፕሪል 11 ቀን 1865፣ በመጨረሻው ንግግሩ፣ ቢያንስ የተማሩና በጦሩ ያገለገሉ ጥቁሮች ድምፅ ቢሰጡ እመርጣለሁ አለ። እኩልነት አልነበረም፤ ሂዱልን ካለበት ቀን ግን ርቋል። ገዳዩ እዚያው ሕዝቡ መካከል ቆሞ ይሰማ ነበር። በሦስተኛው ቀን ተኮሰበት።

ፍሬድሪክ ዳግላስ ከባርነት ያመለጠ ሰው ነው፤ ሊንከንን በብርቱ ነቅፎታል፣ ኋላም ወዳጁ ሆኗል። በ1876 ዋሽንግተን ላይ የሊንከን ሐውልት ሲመረቅ፣ ሰውየው ከሁሉ በፊት የነጮች ፕሬዚዳንት ነበር ብሎ ተናገረ። በምረቃ ቀን! ባርነት ዛሬውኑ ይሻር ከሚሉት ቆመው ሲያዩት ዘገምተኛና ቀዝቃዛ ይመስል ነበር አለ። በአገሩ ሕዝብ ስሜት ሲለካ ግን ፈጣን፣ ቀናተኛና ቆራጥ ነበር ሲል መሰከረለት።