«ሰው ሲገለል ይጀግናል» ያለው ማነው?

ባለፈው ደሴ፣ ቡና ላይ ሆነን የዲስቶፒያ ልቦለድ ጨዋታ ተነሳ። ሥርዓቱ ሰውን አፍኖ የያዘበትን ክፉ ዓለም የሚተርኩትን ማለቴ ነው። አቦሉ ተጠጥቶ ሳያልቅ ስንት የተሳሳተ ነገር ሰማሁ መሰላችሁ!

«ሰው ሲገለል ይጀግናል።» አይ፣ እንደሱ ቢሆንማ ቀላል ነበር። የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ውሰዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1949 የታተመውን። ዊንስተን ሰላይ ስክሪኑ በማያየው ጥግ ተሸጉጦ ማስታወሻ ይጽፋል። ድፍረት ነው፣ አዎ። መጨረሻው ግን ምን ሆነ? የሚወዳትን ሴት አሳልፎ ሰጠ።

እኔ እንዲያውም ትዝ የምትለኝ አንዲት የክፍላችን ልጅ ናት። እናቷ ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ ሰኞ ገበያ ጀበናና ምጣድ ይሸጣሉ። ሰፈርተኛው በእሳቸው ጀበና ቡና እያፈላ «ቡዳ ናት፣ ዓይኗን አትዩ» ይለን ነበር። (ታዲያ ቡናው እንዴት ተጠጣ? የጠየቀ የለም።) ልጅቷ የኋላ ዴስክ ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች፤ ድምጿን ሰምተነው አናውቅም። አንድ ቀን ወሬውን ያልሰማች አዲስ ልጅ መጥታ አጠገቧ ዘጭ አለችና ቆሎዋን አካፈለቻት። በሳምንቱ ያቺ ዝምተኛ እጇን አውጥታ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሳቱትን ሒሳብ አረመች። ዞሬ አየኋት፤ እጇ ይንቀጠቀጣል።

«የሚደፍረው ተበዳዩ ብቻ ነው።» ይሄም ልክ አይደለም። በሬይ ብራድበሪ «ፋራናይት 451» (1953) ውስጥ ሞንታግ ራሱ መጽሐፍ አቃጣይ ነው፤ እንጀራው ነው። መባነን የጀመረው ሰው ሁሉ እንደ እብድ የሚያያት የጎረቤት ልጅ «ደስተኛ ነህ?» ብላ ስትጠይቀው ነው።

«ድፍረት ማለት መሣሪያ ማንሳት ነው።» በማርጋሬት አትውድ «ዘ ሃንድሜድስ ቴል» (1985) ማንበብ የተከለከለች ሴት ቁም ሳጥን ውስጥ የተጫረች ጽሑፍ ታገኛለች፤ ከእሷ በፊት እዚያ ክፍል የነበረችው የጫረቻት ናት። ላቲን የሚመስል ነገር ስለሆነ አይገባትም። ግን ደስ ይላታል፤ ሌላ ሰው እዚህ ነበረ ማለት ነዋ።

«ኧረ ይሄ የፈረንጅ ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ያለው ጓደኛዬ ያኔ እዚያው ክፍላችን ነበር፤ ሦስተኛው ዴስክ ላይ። የልጅቷን ነገር ሳነሳበት ሲኒውን አስቀመጠና «ስሟ ማን ነበር?» አለኝ።

እኔም አላስታወስኩትም።