በመጎተት የሚመጣ የፀጉር መሳሳት ምንድን ነው?

ፀጉርን ለረጅም ጊዜ አጥብቆ ከመሥራት ወይም ከማሰር የተነሣ በግንባር ዳር፣ ከጆሮ ፊትና በላይ፣ አንዳንዴም በማጅራት በኩል ፀጉሩ እየሳሳ የሚሄድበትን ሁኔታ ሐኪሞች «ትራክሽን አሎፔሺያ» ይሉታል። በአዲስ አበባ የሴቶች ፀጉር ቤቶች ውስጥ «ግንባሬ ሸሸ»፣ «ዳር ዳሩ አለቀ» እየተባለ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ሴቶችን ፀጉር የሚያሳጡ ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ይህኛው ግን መከላከሉ ሙሉ በሙሉ በእጃችን ያለ፣ በጊዜ ከተደረሰበት የሚመለስ፣ ችላ ከተባለ ደግሞ ለዘለቄታው የሚቀር ጉዳት በመሆኑ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ ለመረዳት ከፀጉሩ ሥር መጀመር ያስፈልጋል። በአንድ ሰው ራስ ላይ በአማካይ 100,000 ያህል ፀጉር ይገኛል፤ እያንዳንዱም በቆዳ ውስጥ ከተቀበረች ትንሽ ከረጢት በቅሎ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፣ ከዚያም 2 ወይም 3 ወር ያህል አርፎ ይረግፍና በቦታው አዲስ ይተካል። በዚህ ዑደት ምክንያት በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ቢረግፍ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ሹሩባ ከሳምንታት በኋላ ሲፈታ ማበጠሪያው ላይ ተጠቅልሎ የሚገኘው ፀጉርም አብዛኛው በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ በየቀኑ ረግፎ መውደቂያ ያጣው ነው። ከረጢቷ ቀንና ሌሊት ስትጎተት ግን ዙሪያዋ ይቆጣል፤ ፀጉሩም ዕድሜው ሳይደርስ ይነቀላል። መጎተቱ ቶሎ ከቆመ ከረጢቷ ታገግማለች፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ትጠፋና በቦታዋ ጠባሳ ይተካል፤ ጠባሳ ደግሞ ፀጉር አያበቅልም።

ይህ የሹሩባ ጣጣ ብቻ እንዳይመስለን። ጉዳቱ በሕክምና ጽሑፍ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1907 እ.ኤ.አ. የተገለጸው ፀጉራቸውን ሰብስበው አጥብቀው ያስሩ በነበሩ የግሪንላንድ ሴቶች ላይ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ ያለው ከውጥረቱ እንጂ ከሹሩባው አይደለም፤ እናቶቻችን ያቆዩልንን የፀጉር አሠራር እንድንተው የሚያስገድድ ምንም ምክንያት የለም።

የመጀመሪያው ምልክት ሕመም ነው። ከፀጉር ቤት በተመለሰችበት ሌሊት ራሷን ትራስ ላይ ማሳረፍ ያቃታት፣ ቅንድቧን ባነሣች ቁጥር ግንባሯ የሚወጠርባት ሴት ሹሩባዋ ከልኩ በላይ ጠብቋል። በማግስቱ ወይም በሠልስቱ በየሹሩባው ሥር ብጉር የሚመስሉ፣ አንዳንዶቹም መግል የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶች ሊወጡ ይችላሉ። ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ምልክት በፀጉሩ ሥር ዙሪያ የሚታየው ነጭ ሽፋን ነው። ፎረፎር ወይም ቅጫም እየተባለ ሲታከም ይከርማል፤ ነገር ግን ቅጫም በፀጉሩ ላይ የሙጥኝ ብሎ ሲቀር፣ ይህኛው በጣት ሲያዝ ፀጉሩን ተከትሎ እንደ ቀለበት ይንሸራተታል። እየቆየ ሲሄድ የግንባሩ ዳር ይሳሳል፤ በድሮው የፀጉር መስመር ላይ ግን አጫጭርና ቀጫጭን ፀጉሮች ተሰልፈው ይቀራሉ፤ እጅግ አጭር በመሆናቸው ከሹሩባው ጋር ሳይያዙ ያመለጡ ናቸው። ሐኪም መንስኤውን ሲለይ ከሚመለከታቸው ነገሮች አንዱ ይህ መስመር ነው። በመጨረሻው ደረጃ ቆዳው ለስልሶና አብረቅርቆ፣ የፀጉር ቀዳዳዎቹም ጠፍተው ይታያሉ።

በአራት ኪሎና በፒያሳ ዙሪያ ባሉ ፀጉር ቤቶች የእንቁጣጣሽ ወይም የፋሲካ ዋዜማ ሲሆን ወረፋው በር ላይ ይደርሳል። ሹሩባ ለመሠራት ግማሽ ቀን የተቀመጠች ሴት «እህቴ፣ ቶሎ እንዳይፈታብኝ ጠበቅ አድርጊልኝ» ብትል አይፈረድባትም፤ የከፈለችበት ገንዘብና ያጠፋችው ጊዜ አለ። ሠሪዋም የምትመሰገነው ሹሩባዋ ቀጭንና የማይንቀሳቀስ ሲሆን ነው። ችግሩ ግን ሹሩባውን ዕድሜ የሚሰጠው ያው ውጥረት የፀጉሩን ዕድሜ መቀነሱ ላይ ነው። በይበልጥ የሚያሳዝነኝ የሕፃናቱ ጉዳይ ነው። ትምህርት ቤት ንጹሕ ሆና እንድትታይ ተብሎ ፀጉሯ ወደ ኋላ ተወጥሮ የሚታሠር ልጅ «አመመኝ» ስትል «ዝም በይ፣ ቁንጅና እንዲህ ነው» ትባላለች፤ ሕመሙን እንደ ተገቢ ነገር መቁጠር የምትጀምረውም ያን ጊዜ ነው።

አደጋው የሚከፋው ነገሮች ሲደራረቡ ነው። በኬሚካል የለሰለሰ ፀጉር ከተፈጥሮው ይልቅ ደካማ ስለሚሆን፣ በዚያው ሰሞን በላዩ ሹሩባ ሲሠራበት ወይም ሂውማን ሄር ሲሰፋበት ጉዳቱ ይበረታል። ረጅምና ከባድ ቅጥያ ክብደቱን የሚጥለው በጥቂት የፀጉር ሥሮች ላይ ነው። በሙጫ የሚለጠፍ ዊግ፣ በየቀኑ በአንድ ቦታ ተወጥሮ የሚታሰር ጭራ፣ ፒያስትራ ደጋግሞ መጠቀምም የየድርሻቸውን ያዋጣሉ።

ይሁን እንጂ ፀጉሯ የሳሳ ሴት ሁሉ በመጎተት ነው ማለት አይደለም፤ ቅባት ከመግዛት በፊት ዓይነቱን መለየት ይገባል። ከወለደች፣ ከባድ ትኩሳት ካለበት በሽታ ከተነሣች፣ ቀዶ ሕክምና ካደረገች ወይም ክብደቷን በፍጥነት ከቀነሰች 2 ወይም 3 ወር በኋላ ፀጉሯ ከመላው ራሷ ላይ በእፍኝ የሚረግፍባት ሴት ሌላ ነገር ገጥሟታል፤ ይህ ዓይነቱ ምክንያቱ ሲያልፍ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ ይተካል። የብረት እጥረትና የእንቅርት ዕጢ መዛባትም ፀጉርን ከሁሉም ቦታ ያሳሳሉ፤ የሚታወቁትም በደም ምርመራ ነው። የብረት እጥረት ላለባት ሴት አንድ ነገር ልጨምር፤ ቡናና ሻይ ከምግብ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ስለሚያግዱ፣ ከማዕድ ተነሥቶ ወዲያው ቡና ከመጠጣት ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ይጠቅማል። በዘር የሚመጣው መሳሳት ደግሞ የግንባሩን ዳር ብዙም ሳይነካ መሐል አናት ላይ ያለውን የፀጉር ክፋይ ያሰፋል። ክብ ሆኖ ልሙጥ የሚሆነው ላሽ የሰውነት መከላከያ የራሱን የፀጉር ሥር በመውጋቱ የሚመጣ ነው። በልጆች ላይ እየላጠና እያሳከከ ፀጉር የሚያረግፈው ጭርት ግን በቅባት ብቻ አይድንም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ተላላፊ ስለሆነም ማበጠሪያ መለየት አለበት። ከእነዚህ ሁሉ ቶሎ በሐኪም ሊታይ የሚገባው ከመሐል አናት ጀምሮ እያቃጠለ ወደ ዳር የሚሰፋው መሳሳት ነው፤ እሱም ጠባሳ ይተዋል።

በቤት ውስጥ ስለሚደረገው እንክብካቤ ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። ቅቤ ፀጉርን ያለሰልሳል፣ ድርቀቱንና መሰባበሩንም ይቀንሳል፤ ለደረቅና ለተጠቀለለ ፀጉር ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም። የጉሎ ዘይትም ሆነ የጥቁር አዝሙድ ዘይት እንዲሁ ቢቀባ የሚያስነውር ነገር የለውም። ነገር ግን የሚጎተተው ፀጉር እየተጎተተ እያለ ቅቤም ዘይትም ጉዳቱን አያስቆሙትም፤ የሞተችውንም ከረጢት አያስነሱም። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ቆዳ ላይ ማሸት ግን ቆዳን ሊያቃጥል ስለሚችል በተለይ በቆሰለ ራስ ላይ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ዋናው መድኃኒት መጎተቱን ማስቆም ነው። ይህ ማለት ያመመን ሹሩባ በዓሉ እስኪያልፍ ሳይጠብቁ መፍታት፣ ቢያንስም የግንባሩን ዳር መፍታት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሹሩባው ወፈር፣ ላላ ብሎ ይሠራ፤ የዳሩ ቀጫጭን ፀጉር ሳይያዝ ይተው፤ ቅጥያ ካለ አጭርና ቀላል ይሁን፤ ከ2 ወር በላይ አይቆይ፤ በሁለት ሥራ መካከልም ፀጉሩ የሚያርፍበት ጊዜ ይኑር። እርጥብ ፀጉር ስለሚለጠጥ ወጥሮ መሥራቱ ይጎዳዋል። ሐኪም ዘንድ ሲኬድ፣ ቁጣ ካለ የሚቀባ ወይም በመርፌ የሚሰጥ ስቴሮይድ፣ መግል ካለ አንቲባዮቲክ ሊታዘዝ ይችላል። ፀጉሩን ለማበረታታት ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሚኖክሲዲል መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን የነበረ መድኃኒት ነው፤ ክኒኑን የሚወስዱ ሕሙማን ፀጉር እየበዛባቸው በመታየቱ በሚቀባ መልክ ተዘጋጀ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉር ሊያረግፍ ስለሚችል ብዙዎች ደንግጠው ያቋርጡታል፤ ውጤቱ ግን የሚታየው ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ፀጉር በወር የሚያድገው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነውና። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ልትጠቀምበት አይገባም። ቆዳው ጠባሳ ከሆነ በኋላ የሚቀረው አማራጭ ከሌላ የራስ ክፍል ፀጉር ወስዶ መትከል ነው፤ እሱም ውድ ከመሆኑ በላይ መጎተቱ ካልቆመ የተተከለውም ይጠፋል።

ለዚህ ችግር የሚፈለገው የቆዳ ሐኪም ነው። በመንግሥት ሆስፒታል ለመታየት በአብዛኛው ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ያስፈልጋል፤ በቆዳ ሕክምና ስሙ የቆየው አለርት ሆስፒታልም ከመሐል ከተማ ወጣ ብሎ ዘነበወርቅ አካባቢ ይገኛል። በቀጠሮው ቀን ሹሩባው ተፈትቶ፣ ፀጉሩ ታጥቦ፣ ቅቤም ሆነ ቅባት ሳይነካው መሄድ ይገባል፤ ሐኪሙ የሚያየው ቆዳውን ስለሆነ። ፀጉሩ ከመሳሳቱ በፊት የተነሣ ፎቶ ካለ፣ የሚወሰዱት መድኃኒቶችና ኬሚካል የተቀባበት ጊዜ ከታወቀ፣ ምርመራውን በእጅጉ ያቀልላሉ።