ሾፓንን ለመጫወት ትልቅ እጅ ያስፈልጋል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፍሬደሪክ ሾፓን እ.ኤ.አ. በ1810 ፖላንድ ተወልዶ በ1849 ፓሪስ ውስጥ ሞተ። ሥራው ሁሉ ማለት ይቻላል ለፒያኖ ነው። ፒያኖ የሚማር ሰው ዞሮ ዞሮ ደጁን መጥናቱ አይቀርም። ግን ብዙዎቻችን ገና ሳንጀምር በወሬ እንፈራዋለን። እኔንም ለዓመታት አስፈርቶኛል።

«እጄ ትንሽ ስለሆነች ሾፓን ለእኔ አይሆንም»

የሾፓን የራሱ እጅ ትልቅ አልነበረም። ሲሞት በጄሶ የተወሰደው የእጁ ቅርጽ ዛሬም አለ፤ ቀጭን፣ ትንሽ እጅ ነው። ልዩ የሚያደርገው መለጠጡ ነበር። ፒያኒስቱ ስቴፈን ሄለር ያ እጅ ሲዘረጋ አይቶ ጥንቸል ሊውጥ አፉን ከሚከፍት እባብ ጋር አመሳስሎታል።

የኦፐስ 10 (ኦፐስ የሥራው መለያ ቁጥር ነው) የመጀመሪያውን ኤቱድ፣ ማለትም የመለማመጃ ሙዚቃ፣ እንይ። ቀኝ እጅ ከኦክታቭ (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ካለው ርቀት) አልፎ እየተዘረጋ ቁልፎቹን ከታች እስከ ላይ ያስሳል። ኖታውን ያየ ሰው «ስንዝሬ አይደርስም» ይላል። ግን ድምፆቹ ተራ በተራ እንጂ አንድ ላይ አይመቱም። ስለዚህ እጅን ወጥሮ መቆየት አያስፈልግም። አንዱን ቁልፍ ነክቶ መልቀቅ፣ አንጓን ማላላት፣ ክንድን ወደሚቀጥለው ማስከተል ነው። ተወጥሮ የሚቆይ እጅ መጀመሪያ ይደነዝዛል፣ ከዚያ ያማል። ካመመ ደግሞ እባካችሁ አቁሙ፤ «ይለምደዋል» ብሎ መቀጠል እጅን ይጎዳል።

እርግጥ ነው፣ አንዳንድ ሰፊ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ትልቅ እጅ ላለው ይቀላል። ይህን አልክድም።

«አምስቱም ጣቶች እኩል ጠንካራ መሆን አለባቸው»

ስንቱን ተማሪ ያደከመ አባባል ነው! ሾፓን የሚያስበው ተቃራኒውን ነበር። እያንዳንዱ ጣት እንደ አፈጣጠሩ የራሱ ድምፅ አለው፤ ያንን መጠቀም እንጂ ማጥፋት አይገባም ባይ ነው። የቀለበት ጣት ከመሃል ጣት ጋር የተሳሰረ ነው። በግድ ላላቅቀው ማለት ከተፈጥሮ ጋር መጣላት ነው።

የማስተማሪያ መንገዱም ከዚህ የመጣ ነው። ሌላው አስተማሪ ሁሉም ቁልፍ ነጭ በሆነበት በዶ ሜጀር ስኬል (የድምፆች ቅደም ተከተል) ሲጀምር፣ ሾፓን በሲ ሜጀር (በፊደል አጠራር B) ይጀምራል። ቀኝ እጃችሁን ሚ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል ሻርፕ፣ ላ ሻርፕ፣ ሲ ላይ አሳርፉት። ሦስቱ ረጃጅም ጣቶች ጥቁሮቹ ላይ ይቀመጣሉ፤ አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ነጮቹ ላይ። እጁ ያለ ምንም ትግል ቦታውን ያገኛል። ለዓይን ቀላል የሚመስለው ዶ ሜጀር ለእጅ ግን ከባዱ ነው። እኔ ይህን ስሞክር ትከሻዬ ሳይቀር ዘና አለ።

«ከባዱ ፍጥነቱ ነው፤ ዝግ ያለው ቀላል ነው»

ከኦፐስ 28 አራተኛውን ፕሪሉድ (አጭር የፒያኖ ሙዚቃ)፣ ሚ ማይነሩን፣ ሞክሩት። ርዝመቱ 25 ባር (የምት ክፍል) ብቻ ነው፤ ኖታውን ጀማሪም ያነበዋል። ግራ እጅ ተመሳሳይ ኮርዶችን ይደጋግማል፤ በየመሃሉ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ዝቅ ይላል። ያቺን አንዲት ድምፅ እያሰሙ ሌላውን በሹክሹክታ መያዝ፣ አንዱም ኮርድ ሳይጮህ፣ አንዱም ሳይጠፋ፤ ከባዱ ይህ ነው። ፈጣኑ ኤቱድ ቢያንስ ስህተትን ይሸፍናል። ይሄኛው መደበቂያ የለውም።

«ሩባቶ ማለት ጊዜውን እንደፈለጉ መጎተት ነው»

አይደለም። ሾፓን ግራ እጅ እንደ ኦርኬስትራ መሪ ጊዜውን ይጠብቅ፣ ቀኝ እጅ ግን በነፃነት ይዝፈን ይል ነበር። ከበሮው ሳይናወጥ ዘፋኙ ቃሉን ትንሽ ዘግየት፣ ትንሽ ቀደም ሲያደርግ ሰምታችሁ የለ? እሱ ነው። በኦፐስ 9 የመጀመሪያው ኖክተርን (የሌሊት ስሜት ያለው ሙዚቃ) ላይ 22 የቀኝ እጅ ድምፆች በ12 የግራ እጅ ድምፆች ላይ ይወርዳሉ። ሒሳብ እያሰሉ መጫወት አይቻልም። ግራውን ብቻውን ያለ ማመንታት እስኪሄድ መልመድ፣ ከዚያ ቀኙን እንደ አንድ ትንፋሽ ላዩ ላይ ማሳለፍ ይሻላል።

«ፔዳሉ ሁሉንም ያሳምረዋል»

ፔዳሉ፣ ማለትም ድምፁን የሚያስረዝመው የእግር መርገጫ፣ ኮርዱ ሲቀየር ካልተለቀቀ ድምፁን ያደፈርሳል። የዛሬ ፒያኖ ድምፁ ሾፓን ይጫወትበት ከነበረው የፕሌየል ፒያኖ ይልቅ ስለሚረዝም እግር ይበልጥ ንቁ መሆን አለበት።

«በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት መለማመድ ያስፈልጋል»

አንዲት ተማሪው 6 ሰዓት እንደምትለማመድ ሲሰማ ሾፓን ተቆጣ። ከ3 ሰዓት በላይ ከለከላት። በመሃል በመሃሉ ጥሩ መጽሐፍ እንድታነብ ወይም ወጣ ብላ በእግሯ እንድትንሸራሸር መከራት።