የፕላኔት ሳይንቲስት ጠፈርተኛ አይደለም

ደሴ ላይ «የፕላኔት ሳይንቲስት መሆን እፈልጋለሁ» ያለ ተማሪ ወዲያው «ታዲያ መቼ ልትበር ነው?» ይባላል። አይበርም። የሚበረው መሣሪያው ነው፤ እርሱ ምድር ላይ ተቀምጦ የሚላክለትን ምስልና ልኬት ይተነትናል። ብዙዎቹ በትምህርታቸው የሥነ ምድር፣ የፊዚክስ ወይም የኬሚስትሪ ሰዎች ናቸው። የደሴን የጦሳ ተራራ ጥቁር ድንጋይ ፈልጦ በውስጡ የሚያብለጨልጩትን ቅንጣቶች በማጉያ መነጽር የሚመረምር ልጅ፣ በእኔ አስተያየት፣ ሥራውን ጀምሮታል፤ የወሎ ደጋ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ባዛልት፣ ማለትም ቀዝቅዞ የጠጠረ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ፣ ነው፤ የማርስም ገጽ እንዲሁ በአብዛኛው ባዛልት ነው። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ኒው ሆራይዘንስ የተባለችው የናሳ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2006 ተነሥታ ፕሉቶ አጠገብ የደረሰችው በ2015 ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ሐሳብ አቅርቦ በጀት የማስፈቀዱ ዓመታት አሉ፤ ውድቅ የሚሆነው ሐሳብ ከሚጸድቀው ይበልጣል።