የሚቀያየር የካሽባክ ምድብ ምንድን ነው? ካርዱ ዘንቢላችሁን አያይም

ሰሞኑን አሜሪካ ያለን ሐበሾች የምንቀባበለው አንድ ቪዲዮ አለ። ሰውየው ተናዷል። ካርዱ በዚህ ሩብ ዓመት ግሮሰሪ (የምግብ ሸቀጥ መሸጫ ሱቅ) ላይ 5 በመቶ ይመልሳል ተብሎ ዋልማርት ሄዶ ዱቄት፣ ዘይት፣ ሽንኩርትና ሥጋ ይገዛል። የተመለሰለት 1 በመቶ ብቻ ነው። «ምግብ አይደለም ወይ የገዛሁት? አጭበርባሪዎች!» ይላል። ከሥሩ ደግሞ ሰው ሁሉ «ልክ ነህ፣ እኔንም በልተውኛል» እያለ ይጽፋል። ይሄን ወሬ ስንቴ እንደሰማሁት! ወሬውን ሰምቶ ካርዱን መሳቢያ ውስጥ የወረወረ ሰው የሚገባውን ገንዘብ ነው የሚያጣው፤ ስለዚህ ልጻፈው።

መነሻውን በአጭሩ ልበለው። ካሽባክ ማለት በካርዱ ከከፈላችሁት ላይ ባንኩ በመቶኛ የሚመልስላችሁ ገንዘብ ነው። እንደ ቼዝ ፍሪደም ፍሌክስና ዲስከቨር ኢት ያሉ ክሬዲት ካርዶች 5 በመቶ የሚመልሱበትን የሱቅ ዓይነት፣ ማለትም ምድቡን፣ በየሦስት ወሩ ይቀይራሉ። ምድቡን አክቲቬት ታደርጋላችሁ (እንዲሠራላችሁ ታስጀምራላችሁ)፣ በሩብ ዓመቱ እስከ 1,500 ዶላር ግዢ ድረስ 5 በመቶ ታገኛላችሁ፣ ከዚያ በላይ 1 በመቶ ነው።

ሰውየው የሳተው ቦታ ይሄ ነው። ምድቡ የሚለካው በገዛችሁት ዕቃ ሳይሆን በገዛችሁበት ሱቅ ነው። ካርድ የሚቀበል ነጋዴ ሁሉ ባለ አራት አሃዝ ኮድ አለው። ግሮሰሪ 5411፣ ምግብ ቤት 5812፣ ፈጣን ምግብ 5814፣ ነዳጅ ማደያ 5541፣ እንደ ኮስኮ ያለ የጅምላ ክለብ (አባል ሆናችሁ በብዛት የምትገዙበት መደብር) ደግሞ 5300 ነው። በካርዱ ስትከፍሉ ባንካችሁ ዘንድ የሚደርሰው የሱቁ ስም፣ የገንዘቡ መጠን፣ ቀኑና ይሄ ኮድ ነው። ሽንኩርት ግዙ ቴሌቪዥን፣ ባንኩ አያውቅም።

የአዲስ አበባን ታክሲ አስቡት። ሚኒባሱ አናቱ ላይ ታፔላ አለው። ረዳቱ ሒሳብ የሚቀበላችሁ በታፔላው መስመር ነው እንጂ በፌስታላችሁ ውስጥ ያለውን አይቶ አይደለም። ታፔላውንም ሾፌሩ ደስ ያለውን ጽፎ አይሰቅልም፣ መስመሩ ተመድቦለት ነው። ታክሲው በሰፈራችሁ በኩል ስላለፈ ብቻ የሰፈራችሁ ታክሲ አይሆንም። ዋልማርትም ግማሹ ምግብ ስለሆነ ብቻ ግሮሰሪ አይባልላችሁም። እንዲያውም ቼዝ ግሮሰሪን ምድብ ሲያደርግ ዋልማርትንና ታርጌትን በስም ጠርቶ ነው የሚያስወጣቸው። ውሉ ላይ ተጽፏል። ወንድሜ፣ አልተጭበረበርክም፤ የተሳፈርከው በሌላ መስመር ታክሲ ነው።

ይሄው ነገር በተቃራኒው ደግሞ ለእናንተ ይሠራል። ሩብ ዓመቱ የነዳጅ ከሆነ ከማደያው ሱቅ ውስጥ የገዛችሁት ወተት ብዙ ጊዜ እንደ ነዳጅ ይቆጠርላችኋል። ግሮሰሪ ከሆነ ደግሞ ካሸሩ አጠገብ የተሰቀሉትን የሌላ ሱቅ ጊፍት ካርዶች (ቀድሞ ተከፍሎባቸው በኋላ በዚያ ሱቅ የሚገዛባቸውን ካርዶች) ተመልከቱ። የቤት ዕቃ መደብር ካርድ ከግሮሰሪ ስትገዙ የሚመዘገበው ግሮሰሪው ነው፤ በዚህ ታፔላ ተሳፍራችሁ ሌላ ሰፈር ወረዳችሁ ማለት ነው። ብቻ ለማንኛውም የምትሄዱበትን ሱቅ ካርድ ብቻ ግዙ፣ ማሸጊያው ተነካክቶ እንዳይሆን እዩ፣ የባንካችሁንም ውል አንብቡ። እንደ ጥሬ ገንዘብ የሚያገለግል የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ጊፍት ካርድን የማይቆጥር ውል አለ።

የኛ ሱቆችስ? እኔ የትናንሽ ሱቆችን ሒሳብ ነው የምይዘው፣ ስለዚህ ይሄን በደንብ ላስረዳ። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባሉት ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ ከፊት እንጀራ፣ በርበሬና ሽሮ የሚሸጥበት፣ ከኋላ ጥብስና ክትፎ የሚበላበት ቤት ሞልቷል። ኮዱ 5411 ሊሆን ይችላል፣ 5812ም ሊሆን ይችላል፣ የልዩ ምግቦች መሸጫ ተብሎ 5499 የተሰጠውም አለ። የሚወስነው የካርድ ክፍያ የሚያስተናግድለት ድርጅት ነው፣ ባለቤቱ አካውንት ሲከፍት «ዋና ሥራዬ ይሄ ነው» ብሎ በሞላው መሠረት። በምግብ ቤት ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ሸቀጥ የዞረ ሰው የድሮው ኮድ አብሮት ይኖራል። ስለዚህ ባለሱቁን አትቆጡት። መጀመሪያ ትንሽ ነገር ገዝታችሁ አፑ ላይ በምን ምድብ እንደወጣ እዩ፣ ከዚያ የወሩን አስቤዛ ታደርጋላችሁ። ባለሱቆችም፣ ሥራችሁ ከተቀየረ ደውላችሁ አስተካክሉ። ደንበኛ ለመሳብ ብላችሁ ያልሆናችሁትን ኮድ ማስሞላት ግን ውል ማፍረስ ነው፣ አካውንቱን ያዘጋባችኋል።

ኮስኮ ምድብ ሆኖ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አሜሪካ ያሉት የኮስኮ መጋዘኖች ከክሬዲት ካርድ የሚቀበሉት ቪዛ ብቻ ነው። ፍሪደም ፍሌክስ ማስተርካርድ ነው። ዲስከቨርም እዚያ አያልፍም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፣ ምክንያቱም ቪዲዮ የሚሠሩት ሰዎች ይሄን ሒሳብ አይሠሩም። 1,500 ዶላሩን ሙሉ ብትጠቀሙ 75 ዶላር ታገኛላችሁ። ነገር ግን በሁሉም ግዢ ላይ 2 በመቶ የሚመልሱ ካርዶች አሉ፣ እነሱ ለዚያው ግዢ 30 ዶላር ይሰጧችሁ ነበር። እውነተኛው ትርፋችሁ ስለዚህ 45 ዶላር ነው። ጥሩ ገንዘብ ነው፣ አልንቀውም። ግን የ1,500 ዶላሩን ጣሪያ ለመሙላት ብላችሁ የማያስፈልጋችሁን የ50 ዶላር ዕቃ ከጨመራችሁ ትርፉ አለቀ። ባንኩ ጣሪያ ያበጀው ደግሞ 5 በመቶ መመለስ ስለሚያከስረው ነው። ከነጋዴው የሚቆረጠው ክፍያ በብዙ ሱቅ 2 በመቶ አካባቢ ነው፤ የቀረውን የሚያካክሰው ምድቡ ካለፈ በኋላ ካርዱን በ1 በመቶ ስትጠቀሙበት፣ አክቲቬት ማድረግ ስትረሱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባላንስ (ያልከፈላችሁትን ዕዳ) ወደሚቀጥለው ወር ስታሳድሩ ነው።

ባላንስ ላይ ቆም ልበል። በ20 በመቶ ዓመታዊ ወለድ፣ ብዙ ካርድ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል፣ 1,500 ዶላር ለሦስት ወር ብታሳድሩ ወለዱ ወደ 75 ዶላር ይመጣል። ያገኛችሁትን በሙሉ ማለት ነው። በዚያ ላይ ባላንስ ያሳደረ ሰው አዲስ በሚገዛው ዕቃ ላይም የወለድ እፎይታውን (ወለድ ሳይታሰብበት የሚቆይበትን ጊዜ) ያጣል። በየወሩ ሚኒመም (የግድ የሚከፈለውን ትንሹን መጠን) ብቻ እየከፈላችሁ ከሆነ ምድቡን እርሱትና መጀመሪያ ዕዳውን ጨርሱ፤ እባካችሁ።

አገር ቤት ገንዘብ በክሬዲት ካርድ መላክስ? ካሽባክ አገኝበታለሁ የሚል ሰው ገጥሞኛል። የሐዋላ ክፍያ የራሱ ኮድ አለው፣ 4829፣ ባንኮችም ብዙ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ እንዳወጣችሁ አድርገው ነው የሚቆጥሩት። ካሽባክ የለም፣ ብዙ ጊዜ 5 በመቶ ወይም 10 ዶላር፣ የሚበልጠውን ያስከፍላሉ፣ ወለዱም ያለ እፎይታ ከዚያው ቀን ይጀምራል። ለእናታችሁ የምትልኩትን በዴቢት ወይም ከባንክ አካውንታችሁ ላኩ።

ማንም ባይጠይቀኝም ስለ ታክስ አንድ ነገር ልበል። ገዝታችሁ ያገኛችሁት ካሽባክ እንደ ዋጋ ቅናሽ ይታያል፣ ገቢ አይደለም። ምንም ሳትገዙ የባንክ አካውንት በመክፈት ያገኛችሁት ቦነስ ግን እንደ ወለድ ገቢ ይታያል። ኡበር የምትነዱና ወጪያችሁን በደረሰኝ የምታስቀንሱ ከሆነ የነዳጁን ወጪ የምትጽፉት ካሽባኩን ቀንሳችሁ ነው። በነዳችሁት ማይል ብዛት የምታስቀንሱ ከሆነ ነዳጅን ለብቻው አትጽፉም፣ ይሄ አይመለከታችሁም።

የአክቲቬሽኑ ነገር ይቀራል፣ ሁለቱ ካርዶች እዚህ ላይ ይለያያሉ። ቼዝ በሩብ ዓመቱ የመጨረሻ ወር እስከ 14ኛው ቀን ድረስ አክቲቬት ካደረጋችሁ ከሩብ ዓመቱ መጀመሪያ ያለውን ግዢ ሁሉ ይቆጥርላችኋል። ዲስከቨር ግን አክቲቬት ካደረጋችሁ በኋላ ያለውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። አክቲቬሽኑ ሩብ ዓመቱ ከመግባቱ በፊት ቀድሞ ስለሚከፈት ያኔውኑ ጨርሱት።